ተጨማሪ መረጃ፦ ባክቴሪያዎችና የዐይን ሽፋን ዕጢዎች

በዐይን ሽፋናችን ጠርዝ፣ ከሽፋሽፍቱ ኋላ፣ ማይቦሚያን የሚባሉ ዕጢዎች ተደርድረዋል። የሚያመነጩት ቅባት እንባ ቶሎ እንዳይተን ይጠብቃል። ዕጢዎቹ ሲታመሙ ቅባቱ እንደ ጥርስ ሳሙና ይወፍራል፤ ዐይን ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ተራ ኢንፌክሽን ይቆጥረዋል፤ ነገር ግን እንደ ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ያሉ ባክቴሪያዎች በጤነኛ ሰው ዐይን ሽፋን ላይም ይኖራሉ። መገኘታቸው ብቻውን በሽታ አይደለም።

«ታዲያ አንቲባዮቲክ ለምን ያሽላል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቁልፉ ያለው ባክቴሪያዎቹ በሚያመነጩት ላይፔዝ በተባለ ኢንዛይም ላይ ነው። ኢንዛይሙ ቅባቱን ሲሰባብር የሚፈጠሩት ፋቲ አሲዶች የእንባውን ሽፋን ያናጋሉ፣ የዐይን ሽፋኑንም ጠርዝ ያስቆጣሉ። የቴትራሳይክሊን ወገን አንቲባዮቲኮች ደግሞ ባክቴሪያውን በማያጠፋ መጠን እንኳ የላይፔዙን ምርት እንደሚቀንሱ በላቦራቶሪ ታይቷል፤ በተጨማሪም መቆጣቱን ራሱን ያበርዳሉ። ስለዚህ የመድኃኒቱ መሥራት ባክቴሪያ ብቸኛው ጥፋተኛ መሆኑን አያረጋግጥም። እንዲያውም በተዘጋ ዕጢ ውስጥ የተጠራቀመ ቅባት ለባክቴሪያ ስለሚመች መንስኤና ውጤት ይመጋገባሉ። ሕክምናው የሚጀምረውም ዕጢውን ከመክፈት ነው፦ ሞቅ ባለ ውሃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ሽፋኑን ማሞቅ፣ በቀስታ ማሸት፣ ጠርዙን ማጽዳት። አንቲባዮቲክን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትጠቀሙ።