የኮምፒውተር ጨዋታ ተጨማሪ ፋይሎች፦ አያያዛቸውና ብልሽት ሲገጥም መደረግ ያለበት

በኢሉባቦር ከተሞች፣ ከመቱ እስከ ጎሬና ዳሪሙ፣ ቀን ማመልከቻ ሲጻፍበት የዋለ ኮምፒውተር ሲመሽ የእግር ኳስ ጨዋታ ማጫወቻ ሆኖ ቢገኝ እንግዳ ነገር አይደለም። ከጨዋታው ጋር የሚጫኑ ተጨማሪ ፋይሎች ግን በዘፈቀደ ከተከማቹ ጉዳቱ በጨዋታው ብቻ አይወሰንም። ለባለቤቱ የዕለት ገቢ የሚያስገኘው መሣሪያ ሥራ ያቆማል። የአርሶ አደሩ የይዞታ ማመልከቻና የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ።

ተጨማሪ ፋይል ሲባል ምን ማለት ነው?

ጨዋታውን የሠራው ኩባንያ ያላካተተውን ነገር ተጠቃሚዎች ራሳቸው አዘጋጅተው ሲጨምሩበት፣ የተጨመረው ፋይል በተለምዶ «ሞድ» ይባላል። መለያ ልብስ፣ የተጫዋች ስም፣ ስታዲየም ወይም ተሽከርካሪ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የጃፓኑ ኮናሚ ኩባንያ ያዘጋጀው የነበረው «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር» ወይም በአጭሩ «ፔስ» ነው። ኩባንያው የሁሉንም ክለቦች ስምና መለያ የመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው፣ በቀደሙት እትሞች ቼልሲ «ለንደን ኤፍ ሲ»፣ ማንቸስተር ሲቲ ደግሞ «ማን ብሉ» ተብለው ቀርበው ነበር። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም በጨዋታው ውስጥ አልተካተተም። በመሆኑም በ2010 ዓ.ም ዋንጫውን ያነሳውን ጅማ አባ ጅፋርን በስክሪን ላይ ማየት የሚፈልግ ተጫዋች ስሙንና መለያውን ራሱ ማዘጋጀት አለበት።

ኮናሚ በመስከረም 2014 ዓ.ም ጨዋታውን «ኢፉትቦል» በሚል አዲስ ስምና ይዘት ተክቶታል። የቀደሙት እትሞች ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠሩ ዛሬም ተፈላጊ ናቸው። የተጫዋቾች ዝውውር የሚታደሰው ግን ተጠቃሚዎች በሚያዘጋጁት ፋይል ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ በየወቅቱ አዲስ ፋይል በአሮጌው ላይ ይደራረባል።

ከመጫን በፊት

የመጀመሪያው ጥንቃቄ ዋናውን ጨዋታ አለመንካት ነው። ምንም ያልተጨመረበት ንጹሕ ቅጂ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ መቀመጥ ይኖርበታል። በ«ፔስ» የተስተካከሉ ስሞችና መለያዎች የሚከማቹት «ኢዲት» በሚል ቃል በሚጀምር ፋይል ውስጥ ነው። አዲስ ነገር ከመጨመሩ በፊት ይህን ፋይል ገልብጦ ቀኑን ጽፎ ማስቀመጥ ብዙ ድካም ያድናል።

ሁለተኛው የእትም መጣጣም ነው። ለ2017 እትም የተዘጋጀ ፋይል በ2021 እትም ላይ በትክክል አይሠራም። ኩባንያዎችም ይህን ያውቃሉ፤ «ሲምስ 4» የተሰኘው ጨዋታ ማሻሻያ በተጫነ ቁጥር ተጨማሪ ፋይሎችን በራሱ የሚያጠፋውና መልሶ የማብራቱን ውሳኔ ለተጠቃሚው የሚተወው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው መለያየትና መመዝገብ ነው። መለያዎች፣ ስታዲየሞችና የስም ዝርዝሮች በየራሳቸው ፎልደር ይቀመጣሉ፤ የተጫኑበት ቀንና የሚለውጡት ነገርም በደብተር ይሰፍራል። ይህ ለቡና አምራች አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ የተለቀመው እሸት ትናንት ከተሰጣው ጋር አይቀላቀልም፤ በደንብ ያልደረቀው ከደረቀው ጋር በአንድ ጆንያ ከገባ ሻጋታው የሁሉንም ዋጋ ያወርዳል፣ ጥፋቱ ከየትኛው እንደመጣም መለየት አይቻልም።

ከኢንተርኔት የወረደውን የታመቀ ፋይል ከተጫነ በኋላ አለማጥፋትም ይጠቅማል። ጨዋታው ቢበላሽ ለዳታ ሁለተኛ ጊዜ ከመክፈል ያድናል።

ጨዋታው አልከፈት ሲል

በመጀመሪያ ተጨማሪዎቹን በሙሉ ወደ ሌላ ፎልደር ማዛወርና ጨዋታውን ብቻውን መክፈት ያስፈልጋል። እንደዚያም ሆኖ ካልከፈተ ችግሩ ከተጨማሪዎቹ ውጭ ስለሆነ ወደ ንጹሑ ቅጂ መመለስ ወይም ኮምፒውተሩን ማስመርመር ይገባል።

ጨዋታው ብቻውን ከከፈተ ግን ጥፋተኛውን በግማሽ በግማሽ መፈለግ ይቻላል። ለምሳሌ 16 ተጨማሪዎች ቢኖሩ 8ቱ ብቻ ይመለሳሉ። ችግሩ ከታየ ጥፋተኛው ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ካልታየ ከቀሩት 8 ውስጥ ነው። በዚህ መንገድ 8ቱ ወደ 4፣ ከዚያ ወደ 2፣ በመጨረሻም ወደ 1 ይወርዳሉ። አንድ በአንድ ቢሞከር እስከ 16 ጊዜ ሊደርስ የሚችለው ፍለጋ በ4 ሙከራ ያልቃል።

ሁለቱም ግማሾች ለየብቻቸው በደኅና ሠርተው አንድ ላይ ሲሆኑ የሚያስቸግሩ ከሆነ፣ አንድን ነገር የሚለውጡ ሁለት ፋይሎች ተጋጭተዋል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ደብተሩ ይረዳል። በ«ፔስ» ተጫዋቾች ዘንድ የሚታወቀውና «ሳይደር» የሚባለው መሣሪያ ተጨማሪዎችን ዋናውን ፋይል ሳይነካ ያስነብባል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር ከያዙ በዝርዝሩ ቀድሞ የተጻፈው ይነበባል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ቅደም ተከተሉን መቀየር ብቻ ነው።

የመብራት መቆራረጥም ሌላው ምክንያት ነው። ፋይል በመገልበጥ ላይ ሳለ መብራት ከጠፋ ቅጂው ጎዶሎ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የቅጂውን መጠን ከዋናው ጋር ማስተያየት፣ ካነሰም እንደገና መገልበጥ ይገባል።

የሌላው ሰው ሰነድ በአደራ ነው

የመለያ ልብስ ሥዕል ወይም የስም ዝርዝር ለመጨመር ፀረ ቫይረስ ማጥፋት አያስፈልግም። «ከመጫንህ በፊት ፀረ ቫይረሱን አጥፋ» የሚል መመሪያ ያለው ፋይል ሲያጋጥም መተው ይሻላል። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፍላሽም ሳይመረመር መከፈት የለበትም፤ ፎልደሮችን ደብቆ በቦታቸው አቋራጭ ምልክት የሚያስቀምጠው ቫይረስ የሚዛመተው በዚህ መንገድ ነው።

ለጨዋታ የተለየ ኮምፒውተር መመደብ ካልተቻለ፣ ለጨዋታው የማስተዳደር ሥልጣን የሌለው የተጠቃሚ መለያ መክፈት፣ የደንበኞችን ሰነድ ደግሞ በይለፍ ቃል በተጠበቀ ሌላ መለያ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህም ብቻውን በቂ ስላልሆነ የሰነዶቹ ቅጂ ከኮምፒውተሩ ውጭ በሌላ ዲስክ መኖር አለበት። የጠፋ ጨዋታ በአንድ ምሽት ይመለሳል። አርሶ አደሩ ከገጠር ቀበሌ በእግሩ መጥቶ ያስጻፈው ማመልከቻ ግን ቅጂ ከሌለው ዳግመኛ መንገድና ዳግመኛ ወጪ ያስከትላል።