ስለ እንዶድ፣ ስለ ማሽላና ስለ ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲዎች

ባለፈው ሳምንት በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ስለ ሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያነበበውን ይተርክልን ጀመር። ሀርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1636 የተቋቋመ፣ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ከጆን አዳምስ አንሥቶ እስከ ጆን ኬኔዲና ከዚያም ወዲህ ፕሬዚዳንቶችን ያስመረቀ ነው። የስሙ ዝርዝር እየረዘመ ሲሄድ ከወዲያ ጥግ ካለው አልጋ «ታዲያ ለኛ ምን ይረባናል? እኛ እንደሆን ዩኒቨርሲቲ ሳይደርሰን ቀርቶ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ልንሆን ነው» የሚል ድምፅ መጣ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ብዙዎቻችን ይህንኑ በሆዳችን ይዘነው የቆየን ነንና።

እኛም ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ተመረቁ የአገራችን ሰዎች ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ከቀደሙት አንዱ ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። በኦሃዮ ከሚገኘው መስኪንገም ኮሌጅ ቀጥለው ሕክምና የተማሩት በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሃዋርድ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1867 የተቋቋመና ለጥቁር ሕዝብ በሩን የከፈተ ትምህርት ቤት ነው። ዶክተር መላኩ በ1935 እንደ ተመረቁ አገር ቤት ገቡ። የጣሊያን ወረራም በዚያው ዓመት ጀመረ። በጦርነቱ በሐኪምነት ካገለገሉ በኋላ ወደ አሜሪካ ተልከው በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ፤ ጥቁር አሜሪካውያንም ለኢትዮጵያ እንዲቆሙ ሲቀሰቅሱ ቆዩ። በ1940 አገራቸው ነጻ ስትወጣ ሳያዩ አረፉ። ገና 40 ዓመት ገደማ ነበሩ።

አሁን ወደ ዶክተር አክሊሉ ለማ እንሂድ። እውነቱን ለመናገር ይህን ጽሑፍ ያስጀመረን የሳቸው ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ በ1876 ከተከፈተው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙት በ1964 ነው። በዚያው ዓመት ስለ ብልሃርዝያ ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ።

ብልሃርዝያ እንዴት እንደሚዛመት ባጭሩ እንበል። በሽተኛው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውሃ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ አንድ ዓይነት የውሃ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ሰውነቱ ውስጥ ይገባና ይራባል። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ሌላ እጭ ደግሞ ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ተበጠሰ ማለት ነው።

ዶክተር አክሊሉ ወንዝ ለወንዝ ሲዘዋወሩ አንድ ነገር ዓይናቸው ገባ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቶ ይታያል። ሌላው ሰው ቢሆን ልብስ አጣቢዎቹን እንኳ ልብ ሳይል ያልፍ ነበር። እሳቸው ግን ነገሩን እዚያው ሞከሩት፤ ያ አረፋ የነካው ቀንድ አውጣ ሞተ። አረፋውንም ግድያውንም የሚሠራው በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለ ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ቀጥሎ አድዋ ላይ ለአምስት ዓመት በተደረገው ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ካሉት ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 ወደ 7 ወረዱ።

እንዴ፣ ታዲያ ዓለም ለምን ወዲያው አልተቀበለውም? የውጭ ድርጅቶች መርዛማነቱ በነሱ ደንብ፣ በነሱ ላቦራቶሪ ካልተመረመረ ብለው ብዙ ዓመት አለፈ። በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተገኘ ውጤት የማይታመንበት ጊዜ ነበር፤ ዶክተር አክሊሉም ይህን ሳይናገሩ አላለፉም። በመጨረሻ በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ሦስተኛው ዶክተር ገቢሳ እጀታ ናቸው። የተወለዱት በምዕራብ ሸዋ፣ ኦሎንኮሚ፣ አንድ ክፍል ባለው የሣር ጎጆ ውስጥ ነው። እናታቸው ይማር ብለው 20 ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለ ትምህርት ቤት ላኩዋቸው፤ እሑድ በእግር ሄደው ዓርብ በእግር ይመለሱ ነበር። ከጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ወደ አለማያ ኮሌጅ፣ ከዚያም ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ አለፉና በ1978 ዶክተር ሆኑ። እኛ የአርሲ ደገኞች ገብስና ስንዴ እንጂ ማሽላ ብዙ አናውቅም፤ ቆላ የወረደ ግን አቀንጭራ ማሽላን ምን እንደሚያደርግ አይቷል። የአቀንጭራ ዘር አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚበቅለው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲቀሰቅሰው ነው። ዶክተር ገቢሳና ባልደረቦቻቸው ይህን ቀስቃሽ እጅግ ጥቂት የሚያመነጭ ማሽላ አዳቀሉ፤ አቀንጭራውም ሳይነቃ ይቀራል። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው።

ያን ሌሊት ከዚያ ጥግ የተናገረው ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «እሺ፣ ግን ኦሎንኮሚ ላይ ፊደል ያስቆጠራቸው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ስሙን የሚያውቅ አልተገኘም።

በዚህ ወር ለልምምድ በሄድንበት ክፍል እንዶድ የሚያውቅ እንዳለ ጠየቅን። አንዲት ልጅ አያቷ ጋቢ የሚያጥቡት በሱ መሆኑን ነገረችን፤ በማግሥቱም አንድ እፍኝ ደረቅ ፍሬ ይዛ መጣች። ማንም እንዳይቀምሰው አስጠንቅቀን ሳፋ ውስጥ ስናሸው አረፋው ሳፋውን ሞልቶ ፈሰሰ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «የሚሞተው ቀንድ አውጣ ብቻ ነው?» አለን። መልስ አልነበረንም። ማታ የባዮሎጂ መምህራችንን ጠየቅን፤ ዓሣም ይገድላል፣ ስለዚህ መጠኑ ተለክቶ ነው ወንዝ ውስጥ የሚጨመረው አሉን። ሰኞ ለልጁ ነገርነው።