የሯጭ እግር እንዴት ይማራል? የእንቅስቃሴ ቁጥጥርና የጫካ ልምምድ

የኢትዮጵያ ሯጮች ድል ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሱት ሳንባ፣ ልብና የአገሪቱ ከፍታ ናቸው። ይሁን እንጂ ሩጫ የጉልበት ብቻ ሳይሆን የክህሎትም ሥራ ነው፤ ኃይልን ሳያባክኑ እግርን በጊዜውና በቦታው ማሳረፍ በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ችሎታ እንዴት እንደሚመራና እንደሚገነባ፣ ከሳሊተ ምሕረት በስተሰሜን በኮተቤና በየካ ኮረብቶች ከሚታየው ልምምድ ጋር በማገናዘብ ማስረዳት ነው።

እርምጃን የሚመራው ምንድን ነው?

በፍጥነት የሚሮጥ አትሌት እግር በእያንዳንዱ እርምጃ መሬት ላይ የሚቆየው 0.2 ሴኮንድ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ነው። ያዩትን ነገር ተገንዝቦ በፈቃድ ምላሽ መስጠትም ተቀራራቢ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ሯጩ ጠጠር መርገጡን አውቆ እርምጃውን ለማረም ሲነሣ እግሩ መሬቱን ለቋል። ይህን ክፍተት ሁለት ነገሮች ይሞሉታል። አንደኛው ከጡንቻ ተነሥቶ በህብለ ሰረሰር በኩል የሚመለሰው፣ ያለ ፈቃድ የሚመጣው ፈጣን ምላሽ ነው። ሁለተኛው አንጎል፣ በተለይም ሰርበለም የሚባለው የኋለኛ ክፍሉ፣ እግር ከማረፉ በፊት የሚያዘጋጀው ትንበያ ነው። ልምምድ በዋናነት የሚያሻሽለው ይህን ትንበያ ነው።

አንድ ግብ፣ ብዙ መንገድ

የሶቪየት ኅብረቱ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኒኮላይ በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሞስኮ በመዶሻ የሚሠሩ ሰዎችን እንቅስቃሴ በፎቶግራፍ መርምሯል። የተካነ ሠራተኛ መዶሻ በየምቱ ዒላማውን ሲያገኝ፣ የትከሻው፣ የክርኑና የእጅ አንጓው አካሄድ ግን ከምት ምት ይለያይ ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ክህሎት አንድን ቅርጽ በቃል መያዝ ሳይሆን፣ አንድን ችግር በየጊዜው እንደ አዲስ የመፍታት ብቃት ነው።

የኮተቤና የየካ የማለዳ ልምምድ በዚህ ዓይን ሲታይ ትርጉሙ ይሰፋል። ሯጮች በባሕር ዛፍ መካከል ወዲያና ወዲህ እየታጠፉ በሰልፍ ይሮጣሉ። ሥሩ፣ ጉቶው፣ ድንጋዩና የመሬቱ ዘንበል ማለት አንዱ እርምጃ ከሌላው ጋር ፍጹም አንድ እንዳይሆን ያስገድዳል። ከአዲስ አበባ ሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ የኖረው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክራውሊ እንደ ጻፈው፣ ተከታዩ የፊተኛውን እግር እየተከተለ ይሮጣል። በዚህም ምቱንና መንገዱን በቃል ሳይሆን በዓይን ይቀበላል፤ ሐሳቡም ከራሱ አካል ውጭ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናትም ሯጮች ትኩረታቸውን በአካባቢያቸው ላይ ሲያደርጉ፣ በአተነፋፈሳቸው ወይም በአሯሯጣቸው ላይ ካደረጉበት ጊዜ ያነሰ ኦክስጅን እንደ ተጠቀሙ አሳይቷል።

የዛሬ ውጤትና የነገ ትምህርት

ሺና ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1979 ባደረጉት የእጅ እንቅስቃሴ ሙከራ፣ አንዱን ተግባር ጨርሰው ወደ ሌላው የተሻገሩ ተለማማጆች በልምምዱ ወቅት የበለጠ ፈጠኑ። ከ10 ቀን በኋላ ሲፈተኑ ግን ተግባራቱን እያቀላቀሉ የተለማመዱት በለጧቸው። ሳልሞኒ፣ ሽሚትና ዎልተር በ1984 እንዳመለከቱት ደግሞ፣ ለእያንዳንዱ ሙከራ የሚሰጥ ግብረ መልስ ለጊዜው ይደግፋል፤ ተማሪውን ግን ጥገኛ ሊያደርገው ይችላል። በየእርምጃው «ክንድህን አስተካክል» የሚባል ወጣት አሠልጣኙ በሌለበት ውድድር ላይ የሚቸገረው ስለዚህ ነው።

የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ግራ ክንድ እዚህ ላይ የሚያስተምረው አለ። በልጅነቱ በአሰላ አቅራቢያ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ስለ ነበር፣ ክንዱን አጥፎ የመሮጥ ልማድ አብሮት አደገ። በዚሁ አሯሯጥ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታና በ2000 በሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ፤ በ2008 በበርሊን ማራቶንን በ2:03:59 ጨረሰ። ቀድሞ የተማሩት ምን ያህል ሥር እንደሚሰድ ከዚህ ይታያል። ለዓይን እንግዳ የሆነ አሯሯጥ ሁሉ ስሕተት አለመሆኑም እንዲሁ። አሠልጣኝ ከማረሙ በፊት ልማዱ ግቡን ያደናቅፍ እንደ ሆነ ሊጠይቅ ይገባል።

ማጠቃለያ

የቤተ ሙከራ ውጤት ሁሉ በቀጥታ ለሩጫ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ሦስት ነገሮችን ግን በተግባር መሞከር ይቻላል። የወጣቱን ትምህርት በዕለቱ ሰዓት ብቻ ሳይሆን ከቀናት በኋላና በሌላ መሬት ላይ መፈተን፤ እርማትን ቀንሶ አትሌቱ በቅድሚያ ራሱን እንዲገመግም ማድረግ፤ ወጣ ገባውን መሬት ከመደበኛው ሥልጠና አለመለየት። ከተማዋ ወደ ምሥራቅ እየሰፋች ስትሄድ በኮረብታዎቹ ላይ የቀረው ጫካ ከአረንጓዴነቱ ባሻገር የሥልጠና መሣሪያም ነው። ትራክ ሊሠራ ይችላል፤ እርምጃን በየጊዜው አዲስ የሚያደርግ መሬት ግን አንዴ ከታረሰ ወይም ከተገነባበት በቀላሉ አይመለስም።