ደመወዝን ከገበያ ዋጋ ጋር ስለ ማሰር፤ የኢጣልያ «ተንቀሳቃሽ መሰላል»

የኑሮ ውድነት በበረታ ቁጥር በአሠሪና በሠራተኛ መካከል የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ደመወዝ የገበያውን ዋጋ እየተከተለ በየጊዜው በራሱ ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚል ነው። ሠራተኛው «ትናንት በመቶ ብር የገዛሁትን ዛሬ በመቶ ሠላሳ ከገዛሁ፣ ደመወዜ ማንም ሳይነካው ተቀንሷል» ይላል፤ እውነቱን ነው። አሠሪውም «የሸቀጤ ዋጋ የወጣው ወጪዬ ስለ ወጣ ነውና፣ ደመወዝ ብጨምር እንደ ገና ይወደዳል» ይላል፤ እርሱም ከእውነት የራቀ አይደለም። ሁለቱም እውነት ከሆነ ክርክሩን የሚፈርደው የሒሳብ ዐዋቂ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የሀገር አስተዳደርም ይገባበታል። ስለዚህ ነገሩን በንድፈ ሐሳብ ከመተንተን ይልቅ፣ ሥርዐቱን ወደ ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የሞከረችውን የኢጣልያን ታሪክ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ማቅረብን መርጠናል። የኢጣልያ ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኢጣልያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትወጣ ገንዘቧ ረክሶ፣ እህሏ ተመናምኖ፣ የሠራተኛው ደመወዝም በገበያው ላይ መድረስ ተስኖት ነበር። በ1945 እና በ1946 የኢንዱስትሪ ባለቤቶች ማኅበር የሆነው ኮንፊንዱስትሪያና የሠራተኞች ኅብረት የሆነው ሲጂአይኤል ተስማምተው፣ ደመወዝ የኑሮን ወጪ እየተከተለ የሚጨመርበትን ሥርዐት አቆሙ። ስሙንም «ስካላ ሞቢሌ» አሉት፤ ተንቀሳቃሽ መሰላል ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። አንድ የሠራተኛ ቤተሰብ የሚገዛቸው ነገሮች በዝርዝር ተጽፈው ይያዛሉ፤ ይህንም ዝርዝር «ቅርጫት» ይሉታል። የቅርጫቱ ዋጋ በየጊዜው ይመረመራል። መነሻው 100 ተብሎ ዋጋው 101 ሲደርስ አንድ «ነጥብ» ወጣ ይባላል፤ ለወጣውም ነጥብ ሁሉ የተወሰነ ገንዘብ በደመወዝ ላይ ይጨመራል። ለዚህ ጭማሪ አድማ መምታትም ሆነ ደጅ መጥናት አያስፈልግም። ዋጋ በዝግታ በሚራመድበት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት ይህ ሥርዐት ብዙ ሰው ያላስቸገረ፣ ሰላምን የሚያመጣ ዘዴ ሆኖ ኖረ።

ነገር የተለወጠው በ1973 መጨረሻ የነዳጅ ዘይት ዋጋ በአንድ ጊዜ እጥፍ ድርብ በሆነ ጊዜ ነው። ኢጣልያ ነዳጅዋን ከሞላ ጐደል ከውጭ የምታስመጣ ሀገር ናትና በ1974 የኑሮ ወጪ በመቶ 19 ያህል ወጣ። በጥር 1975 የኮንፊንዱስትሪያ ሊቀ መንበርና የፊያት ኩባንያ መሪ የነበሩት ጃኒ አኜሊ፣ ከሲጂአይኤል ዋና ጸሓፊ ከሉቻኖ ላማ ጋር ሆነው መሰላሉን የሚያጠብቅ ስምምነት ፈረሙ። ጭማሪው በየሦስት ወሩ እንዲታሰብ፣ የነጥቡም ዋጋ ቀስ በቀስ ለሁሉም ሠራተኛ እኩል እንዲሆን ተወሰነ፤ በመጨረሻ አንዱ ነጥብ በወር 2,389 ሊሬ ሆነ። ዛሬ ላይ ተቀምጦ «ባለ ፋብሪካዎቹ ምን ነክቷቸው ፈረሙ» ማለት ይቀላል። ነገር ግን ከ1969 ጀምሮ ፋብሪካዎቹ በአድማ ይታመሱ ነበርና፣ በየጊዜው ከመደራደር ይልቅ በቁርጥ ሒሳብ ሰላምን መግዛት የተሻለ መስሎ ታያቸው። ገበያው ቢረጋጋ ኖሮ ግምታቸው ይሠራ ነበር ብለን እናምናለን።

እኩል የሆነው ነጥብ ምን እንዳስከተለ በቍጥር ማየት ይገባል። በወር 200,000 ሊሬ የሚያገኝ ሠራተኛና 500,000 ሊሬ የሚያገኝ የቴክኒክ ሠራተኛ አሉ እንበል። አሥር ነጥብ በወጣ ጊዜ ለሁለቱም 23,890 ሊሬ ይጨመርላቸዋል። ለፊተኛው ይህ በመቶ 12 ያህል ነው፤ ለኋለኛው ግን በመቶ 5 እንኳ አይሞላም። ትንሽ ደመወዝ ያለው ከገበያው ጋር እኩል ሲራመድ ወይም ሲቀድም፣ በትምህርትና በብዙ ዓመት ልምድ ደረጃውን ከፍ ያደረገው ሠራተኛ ወደ ኋላ እየቀረ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ጠበበ። በጥቅምት 1980 የፊያት ፎርማኖችና የቢሮ ሠራተኞች አድማውን ተቃውመው በቶሪኖ ከተማ በሰልፍ በወጡ ጊዜ፣ የሰልፉ ቅርብ ምክንያት ከሥራ መቀነስ የተነሣው የረጅም ጊዜ አድማ ቢሆንም፣ ይህ ቅሬታ ከበስተ ኋላ ነበረበት። ይህ ሁሉ ሲሆን ዋጋው አልበረደም፤ በ1980 የኑሮ ወጪ በመቶ 21 ያህል ወጣ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የነገሩን ሥር እንመርምር። አንድ ዕቃ በ100 ሊሬ ይሸጣል እንበል። ከዚህ ውስጥ 50ው ለደመወዝ፣ 30ው ከውጭ ለሚመጣው ነዳጅ፣ 20ው ለባለ ፋብሪካው ነው። ነዳጁ እጥፍ ሆኖ 60 ሊሬ ቢደርስ፣ ሠራተኛው 50፣ ባለ ፋብሪካው 20፣ ነዳጅ ሻጩም 60 ይጠይቃሉ፤ ድምሩ 130 ነው። ዕቃው ግን አንድ ነው፤ ከአንድ ዕቃ መቶ ሠላሳ እጅ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ፣ ወይም ሁለቱ ተካፍለው፣ የሠላሳውን ጉዳት መሸከም ግድ ይሆንባቸዋል።

ማንም አልሸከምም ያለ እንደ ሆነ የሚከተለው ይህ ነው። ዋጋው 130 ይሆናል። መሰላሉ የሠራተኛውን ደመወዝ የዋጋው ግማሽ ሆኖ እንዲቀጥል ያደርገዋልና ደመወዙ 65 ይደርሳል፤ ባለ ፋብሪካውም አምስተኛ እጁን አልለቅም ብሎ 26 ይይዛል፤ ከ60ው ነዳጅ ጋር ዋጋው 151 ይሆናል። በሚቀጥለው ዙር 165 ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ወደ 200 ይገሠግሣል። ዋጋው 200 በደረሰ ጊዜ ሠራተኛው 100፣ ባለ ፋብሪካው 40፣ ነዳጁ 60 ይወስዳሉ፤ ሁሉም ከመቶ ይደርሳቸው የነበረውን የቀድሞውን እጅ መልሰው ያዙ ማለት ነው። ታዲያ ጉዳቱ ወዴት ሄደ? ነዳጅ ሻጩ ላይ ያረፈ ይመስላል። ይሁን እንጂ ነዳጅ ሻጩ የሚሸጠው በዶላር ነው። የሊሬው የመግዛት ኃይል በግማሽ ሲወድቅ ምንዛሪውም ተከትሎ ይወድቃል፤ ያው ነዳጅ 120 ሊሬ ይሆንና ሩጫው ከመነሻው ይጀመራል። ጥላውን እንደሚያባርር ሰው ሁሉም ይሮጣል፣ ማንም አይደርስም።

ከዚህ የምንረዳው መሰላሉ የኑሮ ውድነትን እንዳልፈጠረ ነው። የፈጠረው የነዳጁ ዋጋና የመንግሥቱ የበጀት ጉድለት ናቸው። መሰላሉ ያደረገው ጉዳቱ አንድ ስፍራ ላይ እንዳያርፍ ከእጅ ወደ እጅ ማዞር ነው። የሚጐዳውም መሰላል የሌለው ነው፤ ይኸውም ቍጠባውን በባንክ ያስቀመጠ ሽማግሌ፣ ሥራ የሚፈልግ ወጣት፣ ዕቃውን ወደ ውጭ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። መሰላሉን ነቅሎ መጣል ደግሞ ጉዳቱን አያጠፋውም፤ በቀጥታ በሠራተኛው ጫንቃ ላይ ያሳርፈዋል። የሠራተኞች ማኅበሮች አጥብቀው የተሟገቱት ይህን ስላወቁ ነውና ግትርነት ብቻ ነው ማለት አይገባም።

ክርክሩ ከ1982 ጀምሮ ወደ ፖለቲካ አደባባይ ወጣ። በዚያ ዓመት በሰኔ ኮንፊንዱስትሪያ የ1975ን ስምምነት መሰረዙን አስታወቀ። በጥር 1983 የሠራተኛ ሚኒስትሩ ቪንቼንሶ ስኮቲ ባስማሙት ውል ከጭማሪው በመቶ 15 ተቀነሰ። በየካቲት 14 ቀን 1984 ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትር ቤቲኖ ክራክሲ መንግሥት ከሚወጡት ነጥቦች ከፊሉን የሚቈርጥ ድንጋጌ አወጣ። ከሦስቱ ታላላቅ የሠራተኞች ኅብረቶች ሁለቱ ሲስማሙ፣ በሲጂአይኤል ውስጥ ብዙ የነበሩት የኮሙኒስት ፓርቲ ወገኖች እምቢ አሉ፤ በመጋቢት በሮማ እጅግ ታላቅ ሰልፍ ተደረገ። ድንጋጌው ግን በሰኔ ሕግ ሆኖ ጸደቀ።

በዚህ ክርክር መካከል ስሙ ሊዘለል የማይገባው በሮማ ዩኒቨርሲቲ የኤኮኖሚ መምህር የነበረው ኤዚዮ ታራንቴሊ ነው። ታራንቴሊ ለሠራተኞች ማኅበር የሚያስብ ሰው ነበር። ሐሳቡም ይህ ነው፤ መሰላሉ ያለፈውን የዋጋ መናር እያየ ወደ ኋላ ከሚቈጥር፣ መንግሥት፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች ተቀምጠው የመጪውን ዓመት መጠን አስቀድመው ይወስኑ፤ ነጥቦቹም በዚያ መጠን ልክ ይቈጠሩ፤ ነጋዴውና መንግሥቱም በዋጋና በታሪፍ በኩል ያንኑ ልክ ይጠብቁ፤ በዓመቱ መጨረሻ ዋጋው ከተባለው ቢያልፍ ለሠራተኛው ይካስ። ሁሉም ወደ ኋላ እያየ ሲሮጥ የነበረውን ወደ ፊት እያየ እንዲራመድ ማድረግ ማለት ነው። በመጋቢት 27 ቀን 1985 ቀይ ብርጌድ የሚባለው የሽብር ቡድን ትምህርቱን ሰጥቶ ሲወጣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ተኩሶ ገደለው። ዕድሜው 43 ዓመት ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ፣ በሰኔ 9 እና 10 ቀን 1985፣ ተቃዋሚዎቹ በጠየቁት መሠረት ነገሩ ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ። የተጠየቀው በወር 27,200 ሊሬ ያህል የሆነው የተቈረጠ ጭማሪ ይመለስ ወይስ ይቅር ነበር። ከመቶው 54.3 እጅ ቁራጩ እንዲጸና መረጠ። የሚያስገርመው ደመወዝተኛው በብዛት በሚኖርበት ሀገር ብዙ ሰው በገዛ ኪሱ ላይ መምረጡ ነው። ምክንያቱን በእርግጥ የሚያውቀው መራጩ ራሱ ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን፣ በየሦስት ወሩ የሚመጣው ጭማሪ ከቤት ሳይደርስ በሱቅ ደጅ እንደሚቀር በዐሥር ዓመት ውስጥ ያላየ ቤተሰብ አልነበረም።

ዋጋውም በረደ፤ በ1984 በመቶ 11 ያህል የነበረው በ1987 ከመቶ 5 በታች ወረደ። ይህን ሁሉ ለድንጋጌው ማስቈጠር ግን ተገቢ አይደለም፤ በ1986 የነዳጅ ዋጋ ራሱ በብዙ ወድቋልና። እውነተኛው ፈተና የመጣው በ1992 ነው። በሐምሌ 31 ቀን በጁሊያኖ አማቶ መንግሥት ፊት መሰላሉ ፈጽሞ እንዲቀር ውል ተፈረመ። የሲጂአይኤል መሪ ብሩኖ ትሬንቲን ውሉን ፈርመው ወዲያው መልቀቂያቸውን አቀረቡ። በመስከረም ሊሬ ከአውሮፓ የምንዛሪ ሥርዐት ወጥቶ በኀይል ወደቀ። በ1970ዎቹ ቢሆን ኖሮ ይህን የመሰለ ውድቀት በጥቂት ወር ውስጥ በየሱቁ ይታይ ነበር፤ በ1993 ግን የዋጋው መናር ከመቶ 5 እንኳ አልሞላም። በዚያው ዓመት በሐምሌ በካርሎ አዜልዮ ቻምፒ ጊዜ የተፈረመው ውል ደመወዝ አስቀድሞ በተወሰነ የዋጋ መጠን እንዲደራደሩበት አደረገ፤ የታራንቴሊ ሐሳብ እርሱ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ይቻላል። ከመሰላሉ የቀረ ርዝራዥም አለ፤ የኢጣልያ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የሚቀበለው ክምችት እስከ ዛሬ በዓመት በመቶ 1.5 እና በዋጋው መናር ሦስት አራተኛ ያድጋል።

ነገር ግን የሒሳቡን ሁለተኛ ገጽ ሳያሳዩ ማለፍ ለአንባቢ አለመታመን ነው። በ2022 የነዳጅና የጋዝ ዋጋ እንደ ገና በናረ ጊዜ፣ የኢጣልያ የኑሮ ወጪ ከመቶ 8 በላይ ሲወጣ በውል የተወሰነው ደመወዝ ያደገው በመቶ 1 ገደማ ነበር። ሩጫ አልነበረም፤ ጉዳቱ ግን በሠራተኛው ላይ ዐርፎ ቀረ። በዚያው ጊዜ መሰላሏን ያልተወችው ቤልጅግ በጥር 2023 ለብዙ መቶ ሺህ የቢሮ ሠራተኞች በመቶ 11 ያህል በአንድ ቀን ጨመረች፤ አሠሪዎቿም ከጎረቤቶቻቸው ጋር መወዳደር አቃተን ብለው አማረሩ። ቤልጅግ የምትጠቀምበት ቅርጫት ከ1994 ጀምሮ ትምባሆን፣ አልኮልንና የመኪና ነዳጅን አይቈጥርም።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ነጋዴዎች ሩቅ አይደለም። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ያለው ሁሉ የ30ውን እና የ60ውን ሒሳብ በገዛ መዝገቡ አይቶታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም መንግሥት፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች የሚወከሉበት፣ ዝቅተኛውን ደመወዝ በጥናት እያየ በየጊዜው የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። በዚያ ጠረጴዛ ለሚቀመጥ የአሠሪዎች ተወካይ፣ እንዲሁም ዛሬ ከሠራተኞቹ ጋር የኅብረት ስምምነት ለሚጽፍ ድርጅት፣ «የኑሮ ውድነት ማካካሻ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ጽፎ መፈረም አደጋ አለው። የማን ቅርጫት እንደሚቈጠር፣ በየስንት ወሩ እንደሚታሰብ፣ ጭማሪው ለሁሉ እኩል ገንዘብ ይሁን ወይስ ከመቶ የሚታሰብ፣ ከውጭ የሚመጣው የነዳጅ ጭማሪ በሒሳቡ ይግባ ወይስ ይቅር፣ ድርጅቱም በበኩሉ የሸቀጡን ዋጋ እስከ ምን ድረስ ለመያዝ ቃል እንደሚገባ፣ እነዚህ በውሉ ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለባቸው። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው፤ በሮማም ለረጅም ጊዜ የተዘነጋው እርሱ ነበር።