ባቡሩን ማን ሠራው? የእንጦጦ ውል፣ የጠረጴዛ ላይ ሎኮሞቲቭ እና የእህል ነጋዴው

አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የምድር ባቡር ውል ሦስት መስመሮችን ይጠቅሳል። አንደኛው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ ዓባይ ነው። አንባቢያችን ልብ ይበሉልን፤ ውሉ ላይ የሰፈረው ስም እንጦጦ ነው። ከሦስቱ አንዱም እንደተጻፈው አልተሠራም። ሐዲዱ ሐረርን ተራራዋ ላይ ትቶ በቆላው አለፈና በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋን ፈጠረ። ከፋና ነጭ ዓባይ ወረቀት ላይ ቀሩ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰውም ባቡር ለገሃር ላይ ቆመ።

እርግጥ ነው፣ በመሀሉ ከተማዋም ከተራራው ወርዳለች። ቢሆንም ሂሳቡን እንሥራው። ከለገሃር እስከ እንጦጦ ማርያም ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 700 ሜትር ይጠጋል። ባቡሩ በየ100 ሜትሩ 2.5 ሜትር እንዲወጣ ብንፈቅድለት ያን ተራራ ለመጨረስ 28 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሊጠመዘዝለት ነው። የዚያን ጊዜ ባለገንዘብ ለዚህ ፍራንክ የሚያወጣበት ምክንያት አልነበረውም።

ዛሬ በዚህ ገጽ የምናወጋው ግን ስለ ትልቁ ባቡር ብቻ ሳይሆን ስለ ትንሹም ነው። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን በእውነተኛ እሳትና በእውነተኛ እንፋሎት የሚሄዱ የሎኮሞቲቭ ሞዴሎችን የሚሠሩ፣ የሚገዙና የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ነገሩ የልጅ አሻንጉሊት የሚመስለው ሰው አንድ ጊዜ ክዳኑን ከፍቶ ቢያይ ሐሳቡን ይለውጣል። ውስጡ የመዳብ ቦይለር፣ ሲሊንደር፣ ፒስተን፣ ቫልቭና የግፊት መለኪያ አለው። ውኃ ካለቀበት እንደ ትልቁ ይቃጠላል፤ ግፊት ከበዛበትም እንደ ትልቁ ይፈነዳል።

ለእኛ ደግሞ አንድ የሚገርም ግጥምጥሞሽ አለ። የጅቡቲው መስመር የሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር። በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ በጣም ከታወቁት መለኪያዎች አንዱ የሆነው 1 ለ22.5 ይህንኑ የ1 ሜትር ሐዲድ በ45 ሚሊ ሜትር ላይ ለማስቀመጥ የተመረጠ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ለህማን ፋብሪካ «ኤል.ጂ.ቢ.» የተባለውን ባቡር ለገበያ ሲያቀርብ በዓለም ዙሪያ በየጓሮው የተነጠፈው ይኸው ሐዲድ ነው። ስለዚህ የእኛን ባቡር ሞዴል መሥራት የፈለገ ሰው ሐዲዱን ከሱቅ ያገኘዋል። 784 ኪሎ ሜትሩን በሙሉ በዚህ መጠን ቢያነጥፈው ወደ 35 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዱከም ለመድረስ ትንሽ ነው የሚቀረው።

ሎኮሞቲቩን ግን ከሱቅ አያገኘውም። ችግሩ የእጅ ሙያ አይደለም። ከሾላ ገበያ እስከ ኮተቤ ባሉት ጋራዦችና የብረታ ብረት ቤቶች ቶርኖ የሚያዞር ሰው አይጠፋም፤ ናስና መዳብም መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገኛል። የሚታጣው ንድፉ ነው። ንድፉ ሲፈለግ ደግሞ «ባቡሩን የነደፈው ማነው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ የሞዴል ሠሪዎች ክርክርም ከዚህ ይጀምራል።

ትንሹ ትልቁን ሲያጋልጥ

ትልቅ ማሽን እንዲሁ አሳንሰው ቢሠሩት አይሠራም። ርዝመቱ በ22.5 ሲካፈል የቦይለሩ ገጽ በ506 ይካፈላል፤ የሚይዘው ውኃ ግን ከ11,000 በላይ በሆነ ቁጥር ይካፈላል። ሙቀት የሚጠፋው በገጽ ነው፣ የሚጠራቀመው በይዘት ነው። ስለዚህ ትንሹ ቦይለር ለይዘቱ ሲታይ 22.5 ጊዜ የሚበልጥ ገጽ ተሸክሞ ይበርዳል። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ምርት በብዛት ሲሆን ወጪው ለምን እንደሚቀንስ በግራፍ ብዙ ተምረናል፤ ለዚህ ጸሐፊ ግን ነገሩ በደንብ የገባው የአንድ ትንሽ ቦይለር ሂሳብ ሲያይ ነው።

ይህ ነገር ታሪክ ሠርቷል። በ1763 እ.ኤ.አ. ክረምት የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የኒውኮመንን የእንፋሎት ሞተር ሞዴል እንዲጠግን ለጄምስ ዋት ሰጠው። ሞዴሉ ጥቂት ጊዜ ተርገፍግፎ ይቆማል፤ ቦይለሩ እንፋሎት ማድረስ አይችልም። ትልልቆቹ ሞተሮችም እንፋሎት ያባክኑ ነበር፣ ነገር ግን መጠናቸው ጉዳቱን ሸፍኖላቸዋል። ትንሹ ሊደብቀው አልቻለም። ዋት ከዚያ ተነስቶ እንፋሎቱ ከሲሊንደሩ ውጭ በተለየ ዕቃ እንዲቀዘቅዝ አደረገ፤ በ1769 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ።

የገበያ ሰው ሊያውቀው የሚገባው ቀጣዩን ነው። ዋትና ባለገንዘቡ ሸሪኩ ማቲው ቦልተን ኮርንዎል ለሚገኙ የማዕድን ባለቤቶች ያቀረቡት ሐሳብ እንዲህ የሚል ነበር። የእኛ ሞተር ከኒውኮመን ሞተር ጋር ሲነጻጸር የሚያድንላችሁን የነዳጅ ወጪ አስሉ፤ ከዚያ ሲሶውን ለእኛ ክፈሉ። እስከ 1800 እ.ኤ.አ. ድረስ ይህን ሲሶ ሰበሰቡ። የማዕድን ባለቤቶቹ በበኩላቸው ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ኖሩ። በባቡር ታሪክ ውስጥ «ፈጣሪው ማነው?» የሚለው ጥያቄ የከረረው ሲሶውን ማን ይወስዳል ከሚለው ጋር ስለተሳሰረ ነው።

የዋት ሠራተኛ የነበረው ዊልያም መርዶክ በ1784 እ.ኤ.አ. በራሱ የሚሄድ የእንፋሎት ጋሪ ሞዴል ሠርቶ ነበር፤ አሠሪዎቹ ግን በዚያ እንዲገፋ አላበረታቱትም። ከዚያ በኋላ የኮርንዎሉ ሪቻርድ ትሬቪቲክ እርሱም በሞዴል ጀምሮ ከፍተኛ ግፊት ያለው ሞተር ሠራ። በየካቲት 1804 እ.ኤ.አ. ዌልስ ውስጥ 10 ቶን ብረትና 70 ያህል ሰው 16 ኪሎ ሜትር ግድም ጎተተ። ሁለት የብረት ፋብሪካ ጌቶች በ500 ጊኒ ተወራርደውበት ነበር ይባላል። ሎኮሞቲቩ አሸነፈ፣ ሐዲዱ ግን ተሰባበረ። ትሬቪቲክ በ1833 እ.ኤ.አ. ሲሞት ባዶ እጁን ነበር። «የባቡር አባት» የሚለው ስም ግን ለጆርጅ ስቴፈንሰን ሄደ።

ሃያ አምስቱ የመዳብ ቱቦዎች

እዚህ ላይ ለዚህ ገጽ አንባቢ የሚጥም ሰው ይገባል። የሊቨርፑልና ማንችስተር ምድር ባቡር ኩባንያ በ1829 እ.ኤ.አ. ሬይንሂል ላይ 500 ፓውንድ ሽልማት ያለው የሎኮሞቲቭ ውድድር አዘጋጀ። ያሸነፈው የስቴፈንሰኖች «ሮኬት» ነው። ከዚያ በፊት አብዛኞቹ ቦይለሮች እሳቱን በአንድ ወፍራም ቱቦ ነበር የሚያሳልፉት፤ «ሮኬት» ግን 25 ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች ነበሩት። ውኃው እሳቱን የሚነካበት ገጽ ስለበዛ እንፋሎቱ አላለቀበትም። የአሠራሩን ሐሳብ ያመነጨው የኩባንያው ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሄንሪ ቡዝ ነው። ቡዝ መሐንዲስ አልነበረም፤ ወደ ኩባንያው ከመግባቱ በፊት ሥራው የእህል ንግድ ነበር። ከሽልማቱም ድርሻውን ወስዷል። ዛሬ ግን ስለ ስቴፈንሰን የሚያወራ እንጂ ስለ እህል ነጋዴው የሚያወራ ሰው ብዙ አይገኝም።

ክርክሩ በዚህ አላበቃም። በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው ማርክ ሴጌ ባለብዙ ቱቦ ቦይለር ሠርቶ በአገሩ መብቱን አስመዝግቧል። አፄ ምኒልክ በሰጧቸው መሬት ላይ፣ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በምንለው የእንጦጦ ግርጌ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ለጋሲዮኖች ጎረቤት ሆነው ተቀምጠዋል። ጥያቄውን በሁለቱም በር ላይ ብናቀርበው ሁለት መልስ ይዘን መመለሳችን አይቀርም። ደግሞም ሁለቱ ጎረቤቶች ስለ ባቡር መከራከር አዲሳቸው አይደለም። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በ1899 ዓ.ም. በተፈራረሙት ስምምነት እስከ አዲስ አበባ ያለው መስመር ለፈረንሳይ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው ለእንግሊዝ እንዲሆን በመካከላቸው ተከፋፍለውት ነበር። ባለአገሩ ምን ይላል ብሎ አስቀድሞ የጠየቀ አልነበረም።

የቱቦው ነገር ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ እንደገና ተነሳ። በ1914ቱ እ.ኤ.አ. ጦርነት ማግስት የእንግሊዝ ሞዴል ሻጮች፣ ዋነኛው ባሴት ሎክ፣ የሚሸጧቸው ትንንሽ ሎኮሞቲቮች በአልኮል የሚነዱ ነበሩ። የድንጋይ ከሰል የሚያነድ ባለብዙ ቱቦ ቦይለር በዚያ መጠን አይሆንም የሚል እምነት ነበር። «ኤል.ቢ.ኤስ.ሲ.» በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ አንድ ሞዴል ሠሪ ይሆናል አለ። ከ1922 እስከ 1924 እ.ኤ.አ. «ሞዴል ኢንጂነር» በተባለው መጽሔት ላይ የቀጠለው ሙግት «የቦይለሮች ጦርነት» ተብሎ ይታወቃል። ሰውዬው በእጁ የሠራት ትንሽ ሎኮሞቲቭ ሰው ተቀምጦባት ጎትታ አሳየች፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የዘርፉ ሥራ በአብዛኛው የእርሱን መንገድ የተከተለ ነው። የሎኮሞቲቯ ስም «አይሻ» ነው። በጅቡቲና በድሬዳዋ መካከል ካለችው ጣቢያችን ጋር የስም እንጂ ሌላ ዝምድና የላቸውም፤ ቢሆንም ሳልጠቅሰው ማለፍ አልሆነልኝም።

የእኛስ ባቡር?

ሙሴ ኢልግ ወደ ንጉሥ ምኒልክ የመጣው በ1871 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ አንዴ ጫማ፣ አንዴ ጠመንጃ ሠርተህ አሳየኝ እያሉ እንደፈተኑት ይነገራል። ስለ ባቡር ሊያስረዳቸው ሲፈልግም ትንሽ ሞዴል እንዳቀረበላቸው ይተረካል። ውሉን ከነጋዴው ከሊዮን ሸፍነ ጋር ሆኖ ይዞ ካፒታል ፍለጋ ፓሪስ ወረደ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ገንዘቡ አነሰ፤ የእንግሊዝ ባለሀብቶች ገቡ፤ ይህ ያሰጋው የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ድጎማ ሰጥቶ ኩባንያውን በእጁ አስገባ። አፄ ምኒልክ ሳይጠየቁ የተደረገ ነበርና ተቆጡ፤ ሥራው ከድሬዳዋ ሳያልፍ ለዓመታት ቆመ። ኩባንያው ከስሮ በ1900 ዓ.ም. በአዲስ ውል በሌላ ኩባንያ ተተካ። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም.፣ ኢልግ በ1908 ዓ.ም. አረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ሁለቱም አላዩትም።

እንግዲህ የለገሃሩን ባቡር ማን ሠራው ይባል? ፈቃዱ የኢትዮጵያ ነው፣ ሐሳቡን ያቀረበው ስዊዝ ነው፣ ባለገንዘቡ ፈረንሳይ ነው። ማሽኑን በየቀኑ በሕይወት ያቆየው ደግሞ የድሬዳዋ ወርክሾፕ ሠራተኛ ነው፤ ስሙ ግን በውልም በአክሲዮን ወረቀትም ላይ የለም። የዚህ ጸሐፊ አስተያየት እንዲህ ነው። ከፋብሪካ የመጣ ንድፍና 30 ዓመት ተጠግኖ የሄደ ሎኮሞቲቭ አንድ አይደሉም። ሞዴል ሠሪ የሚያስቀረው ሁለተኛውን ነው፤ የተለወጠውን ቫልቭ፣ የተቀጠለውን ጭስ ማውጫ፣ በአገር እጅ የተቀረፀውን መለዋወጫ። ስለ ንድፍ የሚከራከሩ ሰዎች ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉትም ለእንዲህ ዓይነቱ በማስረጃ ለተደገፈ ሥራ ነው፤ ማንም ለሚያመርተው ዓይነት አይደለም።

ችግሩ ማስረጃው ብረት መሆኑ ነው። እንፋሎቱ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለናፍጣ ቦታውን ለቀቀ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በ1,435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ስለሚሄድ ለአሮጌው የሚሆን ሥራ አልቀረም። ውዳቂ ብረት የሚገዛ ሰው የሚከፍለው በኪሎ ነው፤ ለኪሎ ደግሞ የተጻፈበትና ያልተጻፈበት ብረት እኩል ነው። አሮጌ የባቡር ዕቃ እጁ የገባ ነጋዴ ወደ ሚዛን ከመውሰዱ በፊት የአንድ ቀን ሥራ ቢሠራበት አይከስርም። የፋብሪካውን ሰሌዳና በየክፍሉ የተመታውን ቁጥር ፎቶ ያንሳ። ያን ማሽን የጠገነ አዛውንት በሕይወት ካለ አስቀምጦ ይጠይቀው።

በየካ ተራራ ሥር ጓሮ ያለውና ነገሩን ራሱ መሞከር ለሚፈልግ ደግሞ ሁለት ነገር እንጨምር። ቦይለር ተበይዶ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚፈተነው በእሳት ሳይሆን በቀዝቃዛ ውኃ፣ ከሚሠራበት ግፊት በእጥፍ ነው፤ ውኃ ቢያፈስ ያረጥባል፣ እንፋሎት ቢያፈስ ግን ሰው ይገድላል። ከፍታውን አይፍሩ። እንጦጦ ላይ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ አየሩ መሳሳቱ እሳቱን ትንሽ ያዳክመዋል እንጂ እንፋሎቱን አይጎዳውም። ዳገት ላይ የሚቸገረው አየር ስቦ ነዳጁን ሲሊንደር ውስጥ የሚያቃጥለው የናፍጣ ሞተር ነው። ንድፍ የሌለው ሰው ደግሞ ከአሮጌው ማሽን ላይ በመጀመሪያ የመንኮራኩሩን ስፋትና በአክሰሎቹ መካከል ያለውን ርቀት ይለካ፤ በ22.5 ያካፍለውና ወረቀት ላይ ያስቀምጠው። ቀሪው ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ይጀምራል።