ፋፋና የዛሬው ጣሳ

በእኔ ጊዜ ነርሶች ፋፋን እንደ መድኃኒት ነበር የምናዘው። በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው ይህ የሕፃናት ምግብ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ሽምብራና የወተት ዱቄት ነበረበት፤ ስኳሩ ጥቂት ነው። ስሙ ራሱ ምርቃት ይመስላል፤ የፋፋ ልጅ የማይወድ ማን አለ?

አሁን የልጅ ልጄ የሚጠጣው ባለቸኮሌት ዱቄት «ለአጥንት፣ ለአእምሮ» ይላል። ጣሳውን አዙሬ ሳነብ ስኳር ከሁሉ ቀድሞ ተጽፏል። ወላጆች፣ ዝርዝሩ በብዛት ቅደም ተከተል ነው የሚጻፈው፤ ፊተኛው ብዙው ነው። ልጄ «እማዬ፣ ውድ እኮ ነው» ትለኛለች። በዚያ ብር ስንት እንቁላል ይገዛል!

የፋብሪካ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ፋፋም የፋብሪካ ነው። ስድስት ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ፤ ከዚያ ገንፎው ላይ እንቁላል ጨምሩበት። ሻይ አትስጡት፤ ሰውነቱ ከምግቡ ብረት እንዳያገኝ ያደርጋል። ባዶውን ጣሳ ግን አልጣልኩትም፤ በርበሬ ይዞልኛል።