«ኮሌጅ ነው የገባችው?»

ልጅዎ ዲቪ ደርሷት ቨርጂኒያ ገብታለች እንበል። ከዓመት በኋላ አንድ ማታ ትደውልና «ትምህርት ልጀምር ነው፤ ሳይኮሎጂ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተመዝግቤያለሁ» ትልዎታለች። ደስ ይልዎታል። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ያስጨንቅዎት ይጀምራል። ዩኒቨርሲቲው አልቀበልም ብሏት ይሆን? ጎረቤት ሲጠይቅዎትም «ዩኒቨርሲቲ ገብታለች» ብለው ያልፉታል።

ይህ ስጋት ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። በእኛ አገር የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የመጣለት ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ያልመጣለት ኮሌጅ ይፈልጋል። ስለዚህ «ኮሌጅ» የሚለው ቃል ለጆሯችን ሁለተኛ ምርጫ ሆኖ ይሰማል። በአሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጉዳይ በጤና ዓምድ ማንሳታችን ሊያስገርማችሁ ይችላል። ሆኖም ሥነ ልቦና የአዕምሮ ጤና ባለሙያዎች የሚወጡበት የትምህርት ዘርፍ ነው። ከዚያም በላይ መንገዱ ራሱ የተማሪዋን ጤና የሚፈትን ነው፤ ይህን ደግሞ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ አያየውም።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ ነው። ከእነዚህ ኮሌጆች ቀደምት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ ተከፈተ። የመግቢያ ነጥብ አይጠይቅም፤ ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቀ ሰው ይመዘገባል። ክፍያው ከዩኒቨርሲቲ በእጅጉ ያነሰ ሲሆን፣ ሥራ ያለው ሰው በማታም መማር ይችላል። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት አካባቢ የሚታወቁት በቨርጂኒያ እንደ አሌክሳንድሪያና አናንዴል ባሉ ከተሞች ግቢዎች ያሉት ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ እንዲሁም በሜሪላንድ የሚገኘው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ናቸው። ጂል ባይደን ባለቤታቸው ፕሬዚዳንት በነበሩበት ጊዜ እንኳ በኖርዘርን ቨርጂኒያ እንግሊዝኛ ማስተማራቸውን አላቋረጡም። ኮሌጁ የተናቀ ቦታ አለመሆኑን ይህ ብቻውን ይናገራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው 120 ክሬዲት ይፈልጋል። ተማሪዋ 60 ያህሉን በኮሌጁ ወስዳ አሶሼት የሚባለውን ዲግሪ ትይዛለች፤ ከዚያም ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውራ ቀሪውን ትጨርሳለች። በኮሌጁ የምትወስዳቸው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ሒሳብ፣ ባዮሎጂ፣ መግቢያ ሳይኮሎጂ፣ የሰው ልጅ ዕድገት ሳይኮሎጂና ስታቲስቲክስን የመሳሰሉትን ነው። በመጨረሻ በእጇ የሚገባው የመጀመሪያ ዲግሪ የዩኒቨርሲቲው ዲግሪ ነው።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን መደበቅ አይገባም። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀማሪዎች መካከል ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወሩት አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ናቸው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚይዙት ደግሞ ከመቶ 16 ገደማ ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከተቋም ወደ ተቋም የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ይህ የሚሆነው ተማሪዎቹ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። አንዱ ኮርስ በአንዱ ዩኒቨርሲቲ ይቆጠራል፣ በሌላው አይቆጠርም። ለዲግሪው የሚፈለገው ስታቲስቲክስ አንድ ዓይነት ሆኖ ተማሪዋ የወሰደችው ሌላ ይሆናል። ሁለት ሴሚስተር የለፋችበት ትምህርት «ነፃ ምርጫ» ተብሎ ይመዘገብና ለሳይኮሎጂ ዲግሪዋ ምንም ሳይጠቅማት ይቀራል።

መድኃኒቱ አንድ ነው፦ የምትዛወርበትን ዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያው ሴሚስተር መወሰን። ኮሌጆቹ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር የዝውውር ስምምነት አላቸው። ለምሳሌ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር «አድቫንስ» የተባለ የጋራ መርሐ ግብር አለው። በካሊፎርኒያ ደግሞ ለዝውውር ተብሎ የተዘጋጀ የሳይኮሎጂ አሶሼት ዲግሪ አለ፤ እሱን የጨረሰ ተማሪ በግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት ውስጥ ቦታ ያገኛል፣ የሚፈልገው ግቢ ግን ላይሆን ይችላል። ልጅዎ በየሴሚስተሩ የዝውውር አማካሪ ዘንድ ትቅረብ፤ የምትሰማውንም በጽሑፍ ትያዝ። የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር መግለጫ ማስቀመጥም አይከፋም፤ ክርክር ሲነሳ ማስረጃ የሚሆናት እሱ ነው።

ስለ ገንዘብ ደግሞ ባጭሩ። ግሪን ካርድ ያላት ተማሪ ፋፍሳ የተባለውን ቅጽ ሞልታ፣ ገቢዋ ዝቅተኛ ከሆነ የማይመለስ ፔል ግራንት ልታገኝ ትችላለች። በ2024/25 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። ነገር ግን ድጋፉ በሕይወት ዘመን ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው። ያለ ዕቅድ የተወሰደ ኮርስ ከዚህ ላይ ይቀነሳል።

እርስዎ እዚህ ሆነው የሚያግዟት አንድ ቁም ነገርም አለ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ከነበረ ከዜሮ ልትጀምር አይገባም፤ ትራንስክሪፕቷ ተገምግሞ የሚያዝላት ክሬዲት ሊኖር ይችላል። ሬጅስትራር ቢሮ ሄዶ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ማስላክ፣ የወጪ መጋራት ዕዳ ካለም እሱን መጨረስ የሚቀለው አገር ቤት ላለ ሰው ነው። ይህ ከመመዝገቧ በፊት ቢያልቅ ይሻላል።

ዲግሪው ምን ያደርግላታል? ብዙ ቤተሰብ «ሳይኮሎጂ ተመረቀች» ሲባል ሰው ማከም የምትጀምር ይመስለዋል። አይደለም። በአሜሪካ ሳይኮሎጂስት ለመባል በአብዛኛው ዶክትሬት ያስፈልጋል። ፈቃድ ያለው የምክር አገልግሎት ባለሙያ ወይም ክሊኒካል ሶሻል ወርከር ለመሆን ደግሞ ማስተርስ፣ በባለሙያ ክትትል ሥር የሚሠራ ረጅም የልምምድ ሰዓትና የፈቃድ ፈተና አለ። ሳይካትሪስት ከነጭራሹ ሌላ ነው፤ ሕክምና የተማረ ሐኪም ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ የሚገኘው ሥራ ተገልጋዮችን ከአገልግሎት ጋር ማገናኘትን ወይም በአዕምሮ ሕክምና ክፍል ረዳትነትን የመሳሰለ ነው።

ማስተርስ ለመግባት ደግሞ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ፣ ለዶክትሬትም የምርምር ልምድ ይጠየቃል። በዩኒቨርሲቲው አራት ዓመት የቆየ ተማሪ መምህራኑን ለማወቅ ጊዜ አለው፤ ተዛዋሪዋ ያላት ሁለት ዓመት ነው። በእኛ ባህል ደግሞ ያለ ጉዳይ መምህር ቢሮ መሄድ ድፍረት ይመስላል። እዚያ ግን የመምህሩ የቢሮ ሰዓት ለዚሁ የተመደበ ነውና፣ ከተዛወረች በመጀመሪያው ወር በር ማንኳኳት ይኖርባታል።

አሁን ወደ ጤናዋ እንምጣ። ተማሪዎች በተዛወሩበት የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤታቸው ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ጆን ሂልስ የተባሉ ተመራማሪ «የዝውውር ድንጋጤ» የሚል ስም ሰጥተውታል። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ንባቡ ብዙ ነው፣ የሚያውቁት ሰው የለም። በኮሌጅ «ኤ» የለመደች ልጅ «ሲ» ስታገኝ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብላ ልታቋርጥ ትችላለች። አስቀድማ ካወቀች ግን የብዙዎች ችግር መሆኑን ትረዳለች፤ አብዛኛውን ጊዜም ውጤቱ ተመልሶ ይሻሻላል። የመጀመሪያውን ሴሚስተር በኮርስ ብዛት አለማጨናነቅ ይረዳታል።

ሌላው እንቅልፍ ነው። ሌሊት አረጋውያን ስትንከባከብ ወይም ፓርኪንግ ስትሠራ አድራ፣ ጠዋት ስታቲስቲክስ ክፍል የምትቀመጥ ተማሪ ጥቂት አይደለችም። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ ሰባት ሰዓት መተኛት አለበት፤ የተማርነው ነገር በማስታወሻችን እንዲደላደልም እንቅልፍ ግድ ነው። ስለዚህ ችግሩ የመረዳት አቅም ሳይሆን የእንቅልፍ እጦት ሊሆን ይችላል። አንድ ኮርስ ቀንሶ አንድ ሴሚስተር መዘግየት፣ ሁለት ኮርስ ወድቆ ከመድገም ያነሰ ዋጋ ያስከፍላል። እርግጥ ኮርስ መቀነሱ የድጋፍ ገንዘቡንም ሊቀንስ ስለሚችል አስቀድማ የኮሌጁን የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ትጠይቅ።

የሳይኮሎጂ ተማሪዎች የተለየ ፈተናም አለባቸው። ስለ ጭንቀትና ድባቴ ሲያነቡ ምልክቱን ሁሉ በራሳቸው ላይ ያያሉ፤ የሕክምና ተማሪዎችም የሚያውቁት ነገር ነው። «አባቴም ይህ በሽታ ነበረበት» ብላ ከደወለችልዎት አይደንግጡ፣ አይቆጡም። መጽሐፍ ማንበብ ምርመራ አይደለም። በሌላ በኩል አብዛኛውን ቀን የሚዘልቅ ሐዘን ወይም ለምንም ነገር ፍላጎት ማጣት ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከእንቅልፍ፣ ከምግብ ፍላጎትና ከትኩረት መዛባት ጋር ከመጣ፣ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል። ብዙ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎቻቸው ያለ ተጨማሪ ክፍያ የምክር አገልግሎት ይሰጣሉ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ በአሜሪካ ከየትኛውም ስልክ 988 ይደወላል፤ ቀንና ሌሊት ይሠራል። «አማኑኤል ገባች ይሉኛል» የሚለው ፍርሃት ከእኛ ጋር ባሕር ተሻግሯልና፣ ሰው እንዳያውቅባት ብላ ዝም ልትል ትችላለች። የሌሎችን ጭንቀት ለመስማት የምትማር ልጅ የራሷን መናገር ማፈሯ የሚገርም ነው፤ ግን የሚያጋጥም ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውል «መቼ ነው የምትመረቂው?» የሚለውን ያቆዩትና የትኛው ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር እንዳሰበች፣ አማካሪዋን መቼ እንዳገኘች፣ ትናንት ስንት ሰዓት እንደተኛች ይጠይቋት። የፈተና ሳምንቷንም ይወቁ። የእድሩም ሆነ የዘመድ ሠርግ ገንዘብ ከዚያ በኋላ ቢጠየቅ ይደርሳል።